የሳባ አየር ማረፊያ፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም ወገኖች። ያቺ የሳባ ማኮብኮቢያ ቪዲዮ ከዞረች ወዲህ ስልኬ በጥያቄ ተጨናንቋል፤ እዚሁ አንድ ላይ እንጨርሰው። ሳባ ካሪቢያን ውስጥ ያለች የኔዘርላንድ ደሴት ናት፤ ስፋቷ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 2,000 ገደማ። እኔ ትዊን ኦተር የምትባለውን ባለ ሁለት ፕሮፔለር ትንሽ አውሮፕላን ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ሳባ ላይ ሁለት ጊዜ በተሳፋሪነት አርፌያለሁ። ከወዲሁ ግን፦ ቪዲዮ አይታችሁ ርቀት አትገምቱ።

ጋሼ፣ እውነት 400 ሜትር ብቻ ናት?
አዎ። የቦሌው ረጅሙ 3,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከሳባዋ ዘጠኝ እጥፍ በላይ። መደበኛ የመንገደኛ በረራ ከሚያስተናግዱት ሁሉ አጭሯ እሷ ናት።

የኔፓሉ ሉክላ አይደለም እንዴ አጭሩ?
ሉክላ 527 ሜትር ነው። በቪዲዮ አትገምቱ ብያለሁ።

ስሟ ከንግሥተ ሳባ የመጣ ነው?
እኔ የመጣሁት ስለ ማኮብኮቢያ ላወራ ነው።

— «ኮሎምበስ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብ ነበር እኮ፣ ለምን አይሆንም?»
— «የደሴቶቹ ነባር ሰዎች ቋንቋ ነው፤ ድንጋይ ማለት ነው ይላሉ።»
— «ሁሉን ነገር ወደኛ መጎተት መቼ ነው የምንተወው?»

ይኼን ሌላ ቦታ ተከራከሩ።

አውሮፕላኑ እንዴት ነው በዚያች ርቀት የሚቆመው?
እንዲህ ያለ ጥያቄ አምጡልኝ! የትዊን ኦተር ክንፍ የኋላ ጠርዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝቅ ይላል፤ ዳር ያሉት ኤለሮኖች (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብሉት) እንኳ ከፍላፑ (ለማረፍ ወደታች ከሚወርደው የክንፍ ክፍል) ጋር አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ በጣም ቀስ ብሎ መብረር ይችላል፤ ለማረፍ ሲመጣ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። መሬት ሲነካ አብራሪው ፕሮፔለሩን ይገለብጠዋል። ሞተሩ ወደኋላ አይዞርም፣ ይኼን ስንቴ አስረዳሁ! የሚገለበጠው የምላጮቹ አንግል ነው። ያኔ አየሩን ወደፊት ይገፋል። በተቀመጥኩበት ደረቴ ቀበቶው ላይ ሲለጠፍ፣ የፊቴ ሴትዮ ጭናቸው ላይ ያለውን የእንቁላል ትሪ በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ይዘው ነበር። አንድም አልተሰበረም። ከመስኮት ሳይ ግማሹ አስፋልት ገና ይቀረናል።

ሌላው ከፍታ ነው። የኛ ሰው ይኼን ይረሳል። ሳባ ማኮብኮቢያዋ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፤ አየሩ ወፍራም ነው፣ ክንፍም ሞተርም ይወደዋል። ያንኑ አውሮፕላን ቦሌ ከፍታ ላይ 2,300 ሜትር አውጡት፣ ከዚያ የሚያስፈልገውን መንደርደሪያ እንነጋገራለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአንድ ወቅት ትዊን ኦተር ነበረው፤ የሳር ሜዳ ላይ ሲያርፍ ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

ማን ሠራው?
ደሴቷ እሳተ ገሞራ ናት፤ ዙሪያዋ ገደል ነው። ሰው ከጀልባ ወርዶ በድንጋይ የተጠረቡ 800 ደረጃዎችን ይወጣ ነበር። መንገድ አይቻልም ተብለው፣ ጆሴፈስ ላምበርት ሃሰል የሚባል የደሴቷ ልጅ በደብዳቤ ምሕንድስና ተምሮ ሕዝቡን ይዞ ጀመረው። ለአውሮፕላን የሚሆን ሜዳ ግን ፍላት ፖይንት የሚባለው ቦታ ብቻ ነው። ነዋሪዎቹ ድንጋዩን በእጅ ለቅመው ጠረጉት፤ በ1959 ሬሚ ዴ ሃነን የሚባል አብራሪ በትንሽ አውሮፕላን አረፈበት። ደሴቷ ግልብጥ ብላ ወጥታ አየች። አየር ማረፊያው በ1963 ተከፈተ፤ ስሙ ደግሞ ከዓመት በፊት ለሞተው ሚኒስትር ለሁዋንቾ ኢራውስኪን ተሰጠ። ልብ በሉ፣ ትዊን ኦተር መጀመሪያ የበረረው በ1965 ነው። ሜዳው አውሮፕላኑን በዕድሜ ይበልጠዋል!

የማኮብኮቢያው ጫፍና ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ X ምንድን ነው?
ለሌላው ዝግ ነው ማለት ነው። ልዩ ፈቃድ ያለው ብቻ ያርፋል።

ቦይንግ ቢያርፍስ?
አያርፍም።

እዚያ ምን ምን አገልግሎት አለ?
አንድ ትንሽ ተርሚናል፣ ኢሚግሬሽን፣ የአየር መንገዱ የዊንኤር ቢሮ፣ አንድ የእሳት አደጋ መኪና፣ ለሄሊኮፕተር ማረፊያ። ማማ አለ፣ ግን መረጃ ይሰጣል እንጂ በረራ አይቆጣጠርም። ነዳጅ የለም። ስለዚህ ከጎረቤቷ ደሴት ከሲንት ማርተን ሲነሱ የመመለሻውንም ያስባሉ።

ኔዘርላንድ ተራራ አላት እንዴ?

— «ውሃ ውስጥ ያለች አገር፣ ምን ተራራ!»
— «ወንድሜ፣ የኔዘርላንድ መንግሥት ከፍተኛው ቦታ እዚያችው ሳባ ላይ ነው።»

ሁለተኛው ልክ ነው። ማውንት ሲነሪ፣ ከ800 ሜትር በላይ።

ቪዛስ?
ቆንስላ ጠይቁ።

አደገኛ ነው ወይ?
ለማን? በምን አውሮፕላን? በምን ንፋስ? እንዲህ አድርጋችሁ ጠይቁ።

እሺ ጋሼ፣ በትዊን ኦተር፣ ንፋስ ሲበረታ?
እንዲህ ነው እንጂ። ንፋሱ ከፊት ከሆነ ደግ ነው፣ ያቆማችኋል። ከጎን ሲመጣ ግን ገደሉን መትቶ ይጠማዘዛል፤ አብራሪው ካልወደደው ይመለሳል። ከሲንት ማርተን 15 ደቂቃ ያህል በረራ ነውና ቅርብ ነው ብላችሁ በዚያው ቀን ወደ አውሮፓ የሚሄድ ትኬት አትቁረጡ። አንድ ሌሊት እደሩ።

ይቅርታ ዘግይቼ ነው፣ ማኮብኮቢያው ስንት ሜትር ነው?
ከላይ አለ። ቡና ልጠጣ ሄድኩ።