ከቴከን 3 የሚበልጥብኝ ጌም የለም

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። አምዳችሁን ሁሌ አነባለሁ ግን ሚወራው ስለ ኳስ ጌም ብቻ ነው። አንተ ራስህ ምትወዳቸው የድብድብ ጌሞች የትኞቹ ናቸው? ሌላው ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ቴከን 3 ላይ ኤዲ ሚባለውን ሰውዬ ይይዝና ዝም ብሎ በተን እየደበደበ ያሸንፈኛል፣ እኔ ስንት ኮምቦ (ተከታታይ ምት) ሸምድጄ እሱ አንዱንም ሳያውቅ። በጣም ነው ያናደደኝ፣ ልተወው እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ አብሽር፣ አትተወውም። የወንድምህ ነገር መላ አለው እመጣበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን ስለኔ የጠየቅከኝን ልመልስ ምክንያቱም ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

ቴከን 3 ነው። ናምኮ ሚባለው የጃፓን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ በሳንቲም ለሚሰሩት ትላልቅ ማሽኖች አወጣው፣ በ1998 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 1። እኛ ጋ ደሴ የደረሰው ከዛ ብዙ አመት ቆይቶ ነው ግን ለኛ አዲስ ነበር። ፒያሳ አካባቢ ከአንድ ሱቅ ጀርባ የነበረች ጌም ቤት ትዝ ትለኛለች፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንዲት ትንሽ ቲቪ፣ ግራጫዋ ፕሌይስቴሽን ደግሞ ሁሌ ተገልብጣ ነው ምትቀመጠው፣ አርጅታ ሲዲውን ማንበብ ስለሚያቅታት ሆዷን ወደላይ አርገው ሲያስቀምጧት ታነብ ነበር። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርድና ከተማውን ሲሸፍነው ጣታችን ይደነዝዛል፣ ተራችን እስኪደርስ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን ነው ምንጠብቀው። ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይከፍልና ይነሳል። አንድ ብር ይዘህ ከገባህ እንግዲህ አንድ ብርህን ነው ምትከላከለው።

ጌሙን ለምን እንደወደድኩት ግን ጌም ቤቷ ብቻ አይደለችም። ሌሎች የድብድብ ጌሞች ላይ በተኖቹ ቀላል ቡጢ ከባድ ቡጢ ምናምን ተብለው ነው ሚከፋፈሉት፣ ቴከን ላይ ግን አራቱ በተን አራቱ እጅና እግርህ ናቸው። ካሬው ግራ እጅ፣ ሦስት ማዕዘኑ ቀኝ እጅ፣ ኤክሷ ግራ እግር፣ ክቧ ቀኝ እግር። በቃ። ማንም ሳያስረዳህ ሰውየው ያንተ አካል ይሆናል። ሰዎቹም ዝም ብለው አልተሳሉም፣ ህዋራንግ ቴኳንዶ ነው፣ ሎው ብሩስ ሊ ታይቶ የተሰራ ነው፣ ነብር ሚመስለውን የጃጓር ጭንብል ያጠለቀው ኪንግ የነጻ ትግል ሰው ነው፣ ወንድምህ ሚይዘው ኤዲ ደግሞ ካፖይራ ሚባለው ጭፈራ የተቀላቀለበት የብራዚል የድብድብ ስልት ነው፣ እንቅስቃሴውም ማርሴሎ ፔሬይራ ከሚባል የካፖይራ መምህር ላይ በቀጥታ የተቀዳ ነው። ለዛ ነው ኤዲ ሲዞር ጭፈራ ሚመስለው፣ ለዛም ነው ማያውቀው ሰው ሲይዘው ራሱ ያማረ ነገር ሚወጣው።

አሁን ወደ ወንድምህ። ጌም ቤቷ ውስጥ ኪንግን ሚጫወት ከኛ ከፍ ያለ ልጅ ነበር፣ እንደያዘህ አንስቶ መሬት ላይ ይፈጠፍጥሃል፣ ማንም አያመልጠውም። አንድ ቀን ተሸንፌ ስነሳ ትከሻዬን ይዞ "አይንህ እኮ ሁሌ ያንተ ሰውዬ ላይ ነው፣ የኔን እጅ እይ" አለኝ። ነገሩ እውነት ነው፣ ሊይዝህ ሲመጣ ግራ እጁ ከቀደመ ካሬዋን፣ ቀኝ እጁ ከቀደመ ሦስት ማዕዘኗን ቶሎ ከነካህ ታመልጣለህ። በሁለት እጁ ሲመጣ ሁለቱንም። ከዛች ቀን ጀምሮ እኔ የራሴን ሰውዬ አላይም፣ እሱ የት እንዳለ ጣቴ ያውቀዋል።

አንተም ኮምቦ ስትሸመድድ ያንተን ሰውዬ ብቻ እያየህ ነው። ወንድምህን እየው። በተን ዝም ብሎ ሚደበድብ ሰው ሚመስለውን ያህል ብዙ ነገር የለውም፣ ሦስት አራት ነገር ነው ሚደጋግመው፣ በተለይ ያቺ መሬት ወርዶ ዞሮ እግርህን ሚመታባት። ቴከን ላይ ደግሞ ቆመህ ስትከላከል የታችኛው ምት ያገኝሃል፣ ቁጭ ብለህ ስትከላከል ደግሞ የመሀሉ ያገኝሃል፣ የላይኛው ግን በጭንቅላትህ አልፎ ይሄዳል፣ ስለዚ ጨዋታው በሙሉ መቼ ቁጭ ልበል መቼ ልቁም ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ጌሞች ለማሸነፍ አትጫወት፣ ተከላከልና ቁጠር። ከየትኛዋ ምት በኋላ ነው ወደታች ሚወርደው? አወቅካት ማለት እሷ ስትመጣ ቁጭ ብለህ ትመክታለህ፣ የታች ምት የተመከተበት ሰው ደግሞ ለትንሽ ጊዜ ክፍት ነው፣ ያኔ ከሸመደድካቸው ውስጥ አንዷን አጭሯን ስጠው። አንዷን ብቻ።

ይሄን ምልህ ሌላም ምክንያት አለኝ። እነዚህ ጌሞች በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ነው ሚሄዱት፣ ቴከን ላይ ፈጣን ቡጢ በ10 ፍሬም አካባቢ ትደርሳለች፣ ማለት በሰከንድ አንድ ስድስተኛ። አይን አይቶ ጣት እስኪንቀሳቀስ ከዛ በላይ ይፈጃል። ስለዚ ማንም ሰው አይቷት አይመክታትም፣ ሊመታ እንደሆነ ቀድሞ አውቆ ነው። እኔ ይሄን ጌም ምወደው በዚህ ነው፣ አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው ካላወቅከው አታሸንፈውም፣ ሲፈራ ምን እንደሚያረግ፣ ሊሸነፍ ትንሽ ሲቀረው ምን እንደሚሞክር፣ ሁሉንም ታውቀዋለህ። ከዛ ጌም ቤት ያሉትን ልጆች ዛሬ ሸዋ በር መንገድ ላይ ሳገኛቸው አረማመዳቸውን አይቼ ማንን ይጫወቱ እንደነበር እነግርሃለሁ።

ኮምቦን ካነሳህ አይቀር ሁለተኛው ምወደው እሱ ነው፣ ስትሪት ፋይተር 2፣ ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው። ኮምቦ ሚባለው ነገር የተስፋፋው ከሱ ነው፣ የሚገርመው ደግሞ ሰሪዎቹ አስበውበት አይደለም። መኪና ሚሰባበርበት ቦነስ ዙር ላይ ሲሞክሩት አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ሊገባ እንደሚችል አዩ፣ ስህተት ነበር፣ ግን ለማንም አይሳካለትም ብለው ተዉት። ተጫዋቾቹ አገኙት፣ እስከ ዛሬ ሁሉም የድብድብ ጌም በዛች ስህተት ላይ ነው የቆመው። የዛ ጌም ሀዱከን ደግሞ (ከእጅ ሚወረወረው የጉልበት ኳስ)፣ ከታች ወደ ፊት ሩብ ክብ አዙረህ ቡጢ፣ ጣትህ ላይ አንዴ ከገባች አትወጣም።

ደሞ ከኮምቦልቻ ሆኜ የት እደርሳለሁ እንዳትለኝ። አርስላን አሽ ሚባል ከፓኪስታን ላሆር የመጣ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ከቪዛና ከበረራ ጋር ታግሎ ጃፓን ደረሰና ኢቮ ጃፓን ሚባለውን ትልቅ የድብድብ ጌም ውድድር በቴከን 7 አሸነፈ፣ ከዛ በፊት አብዛኛው ሰው ስሙን ሰምቶ አያውቅም። ሀገሬ ውስጥ እንደኔ ሚጫወቱ ሌሎችም አሉ ሲል አላመኑትም። የኮሪያው ኒ፣ በቴከን ስሙ የገነነው፣ ራሱ ላሆር ድረስ ሄዶ ከልጆቹ ጋር ተጫወተና ደጋግሞ ተሸነፈ። በዛው አመት ላስ ቬጋስ የተደረገው የኢቮ ፍጻሜ ላይ አርስላን ያሸነፈው ደግሞ ኒን ነው። የላሆር ልጆች የተማሩት እንደኛው ጌም ቤት ተሰብስበው ነው፣ ስለነሱ ባነበብኩ ቁጥር ያቺ የተገለበጠች ፕሌይስቴሽን ነው ፊቴ ምትመጣው።

ጥያቄ፦ እኔ ከሐይቅ ከተማ የምጽፍ እናት ነኝ። የ9 አመት ልጄ ከአጎቱ ስልክ ላይ ሞርታል ኮምባት ሚሉትን አይቶ ጫንልኝ እያለ ያለቅሳል። ጭንቅላት ሲቆረጥ አየሁና ደነገጥኩ። ሁሉም የድብድብ ጌም እንዲህ ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ መደንገጥዎ ልክ ነው፣ ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ሞርታል ኮምባት እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥም ወላጆች እንደርስዎ ደንግጠው ነገሩ ምክር ቤት ድረስ ደርሶ ነበር፣ ጌም ላይ እድሜ ሚጽፈው ኢኤስአርቢ ሚባለው አካል በ1994 የተቋቋመውም ከዛ ጭቅጭቅ በኋላ ነው። ሽፋኑ ላይ ኤም ካለ ከ17 አመት ጀምሮ ነው፣ ሞርታል ኮምባት እዛ ነው ያለው። ቲ ካለ ከ13 ጀምሮ፣ ቴከን እዛ ነው። እኔ ሞርታል ኮምባትን ተጫውቼዋለሁ፣ አልጠላውም፣ ለ9 አመት ልጅ ግን አልሰጥም። ልጅዎ የግድ ካለ አጎቱ አጠገቡ ተቀምጦ ስትሪት ፋይተር 2ን ያጫውተው፣ ብቻውን በስልክ አይደለም፣ ከሰው ጋር።

ጥያቄ፦ ከመርሳ። ፕሌይስቴሽን የለኝም፣ ያለኝ አሮጌ ስልክ ነው፣ ዳታም ውድ ነው። ምን ልጫወት?

መልስ፦ እህቴ፣ ሻዶው ፋይት 2። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው፣ አንዴ ካወረድሽው ታሪኩን ያለ ኢንተርኔት ትጫወቺዋለሽ፣ ሰዎቹ በሙሉ ጥቁር ጥላ ስለሆኑ ስልክሽንም ብዙ አያስጨንቅም። ቀስ ያለ ጌም ነው፣ በተን ለሚደበድብ ሰው አይሆንም፣ ርቀት መለካት ይፈልጋል። ቶሎ ቶሎ መሳሪያ ግዢ ይልሻል፣ አትስሚው፣ በመጀመሪያዎቹ ቢላዎች ብዙ መሄድ ይቻላል። የመጀመሪያው አለቃ ሊንክስ ላይ ስትደርሺ ጻፊልኝ፣ እሱ ጋ ብዙ ሰው ይቆማል፣ እንዴት እንዳለፍኩት በሚቀጥለው እትም እነግርሻለሁ።