የሬይንቦው ቦዋ ቆዳ ተቆራርጦ ሲወጣ

ጥያቄ፦ ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ብራዚላዊ ሬይንቦው ቦዋ (ቀስተ ደመና ቦዋ) የምትባል እባብ አለችኝ። ሰሞኑን ቆዳዋ ተቆራርጦ ወጣ፤ አንድ ዓይኗ ላይም የደረቀ ነገር ቀርቷል። የመስታወት ሳጥኗ ክዳን ወንፊት ነው፣ ከላዩ የማሞቂያ አምፖል አለ። ጠዋትና ማታ ውሃ እረጫለሁ፤ የእርጥበት መለኪያው 85 በመቶ ይላል። ዓይኗ ላይ ያለውን በወረንጦ ላንሳው?

መልስ፦ በፍጹም! ወረንጦውን ወደነበረበት መልሰው። እባብ እንደኛ የሚጨፈን የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑን የሚሸፍነው ግልጽ ቅርፊት ነው፤ ከቆዳው ጋር አብሮ ይወጣል። በግድ ከሳብከው ከሥሩ ያለውን አዲሱን ሽፋን፣ ሲብስም ዓይኑን ራሱን ልትጎዳ ትችላለህ።

መጀመሪያ የወጣውን ቆዳ ፈልግና የጭንቅላቱን ክፍል ወደ ብርሃን ያዘው። በዓይኑ ቦታ ሌንስ የመሰለ ክብ ነገር ካለ ሽፋኑ ወጥቷል። ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ዓይኗ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የጭራዋን ጫፍም እይ። እዚያ ቀለበት ሠርቶ የቀረ ቆዳ ደም ያግዳል፣ ጫፉም ሊሞት ይችላል።

አየር የሚያስገባ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ በለብታ ውሃ የራሰ ፎጣ አድርግ። ለግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቧ ሆነህ ፎጣው ውስጥ ትሹለክለክ፤ አብዛኛው በራሱ ይላቀቃል። የዓይኑ እንቢ ካለ እስከሚቀጥለው የቆዳ ቅየራ ተወው። ያኔም ካልወጣ የሚሳቡ እንስሳትን የሚያውቅ ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መለኪያህ አልዋሸም፤ ችግሩ የምታነብበት ሰዓት ነው። ከረጨህ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሰህ እየው። አምፖሉ ያሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ በወንፊቱ ይወጣል። ይቺ እንስሳ የአማዞን ደን ልጅ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከ75 እስከ 90 በመቶ ትፈልጋለች። እርጥበቱ መምጣት ያለበት ከታች፣ ከመሬቷ ነው።

ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚሆን የኮኮናት ቃጫ አንጥፍ። ውሃውን ላዩ ላይ ከመርጨት ይልቅ በማዕዘኖቹ አፍስስ፤ ታቹ ይርሳል፣ ላዩ ደረቅ ይላል። እጅህን ከታች አስገብተህ ጭብጥ አድርገህ ጨምቀው። ከተያያዘና ውሃ ካልተንጠባጠበ ልኩ ነው። እኔ ስጀምር ላዩን አጨቅይቼ የእባቤ የሆድ ቅርፊት ውሃ ቋጥሮብኛል፤ ስለዚህ ይህን ቀላል አትበለው።

ከወንፊቱ አብዛኛውን ሸፍን፤ ግን አየር ይዙር፣ ከአምፖሉ አጠገብም ፕላስቲክ አይድረስ። ቢቻል አምፖሉን በማሞቂያ ፓነል ቀይረው፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ግን የግድ ነው። ሞቃቱ ጎን ከ29 እስከ 30 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 24 አካባቢ ይሁን። ከ32 በላይ አትችልም። ብርድና እርጥበት ሲደራረቡ ደግሞ ሳንባዋን ያማታል። አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም አረፋ ካየህ ነገ አትበል፣ ሐኪም ጋ ውሰዳት።

በሚቀጥለው ጊዜ ቆዳዋን ልትቀይር ስትል ዓይኗ ወተት ሲመስል አትንካት፣ ምግብም አትስጣት። በደንብ ስለማታይ ትደነግጣለች፣ ትነክሳለች። መርዝ የላትም፤ ግን ያማል። ሁሉ ነገር ከተስተካከለ ቆዳዋ እንደ ካልሲ ተገልብጦ አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። በዚያው ቀን ብርሃን ስር እያት። የቆዳዋ ቀስተ ደመና የሚያምረው ያኔ ነው።