ቸኩዬ የሠራኋት ሳጥን

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ማሽን ባስጮህ ጎረቤት ይጣላኛል። በእጅ መሣሪያ ብቻ አንድ ሳጥን ልሠራ ነበር፤ ከምን ልጀምር?»

ጠረጴዛ ቢለኝ ሁለት መስመር ጽፌ እገላገል ነበር። ሳጥን ሲለኝ ግን ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ጊዜው 1979 ዓ.ም. ነው። የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ ልትዳር ነው። እኔ የሁለት ዓመት አናጢ ነኝ። «የሙሽራዋን ሳጥን ለኔ ተዉት!» ብዬ ፎከርኩ። ጥቅምት ላይ የዋንዛ ጣውላ ገዛሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብበት የከረመ። ስልገው ፍቅፋቂው እጄ ላይ ቀዝቀዝ ይለኛል። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጣውላውን ጉንጫቸው ላይ ለጠፍ አደረጉና «ውሃው አልወጣም፤ ለከርሞ አቆየው» አሉኝ። ሠርግ ለከርሞ ይቆያል እንዴ?

እሳቸው ሜትር አይወዱም ነበር። ቀጭን ዘንግ ይልጉና ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ የጣውላውን ውፍረት ሁሉ በቢላ ይጭሩበታል። ከዚያ ዘንጉን እያጋደሙ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። እኔ ሳቅሁ። ሜትሬን አውጥቼ ሁሉንም ልክ በአንድ ጣውላ ላይ አከታትዬ አሰመርኩ። መጋዝ በቆረጠ ቁጥር አንድ ሁለት ሚሊ እንደሚበላ ረሳሁ። የመጨረሻው ቁራጭ አጠረኝ። እሱንስ በቅጣይ ሸፈንኩት።

ጉዱ ክዳኑ ላይ ነው። ሦስት ጣውላ ጎን ለጎን አጋጠምኩ፤ ስፋቱ 60 ሳንቲም። እንዳይጣመም ብዬ ከሥር ሁለት ሞራሌ አግድም አድርጌ በኮላና በምስማር ጠረቅሁት። እንጨት ሲደርቅ በስፋቱ ይሰበሰባል፤ በርዝመቱ ግን እዚህ ግባ አይባልም። ሞራሌዎቹ አላላውስ አሉት። መጋቢት ላይ ክዳኑ ከመሃል ተተረተረ።

እሷ አልነገረችኝም። ያወቅሁት ከስምንት ዓመት በኋላ ለአክስቴ ለቅሶ የሄድኩ ጊዜ ነው። ስንጥቁን ሻማ አቅልጣ ሞልታዋለች። ላዩ ላይ ጥልፍ ጣል አድርጋ ረከቦት አስቀምጣበታለች። ለለቀስተኛው «ወንድሜ በእጁ የሠራልኝ እኮ ነው» ትላለች። አንገቴን ደፋሁ። ልቀይርልሽ ማለት እንኳ አቃተኝ።

የዘንድሮ ልጆች ደግሞ ቲክቶክ ላይ በሠላሳ ሴኮንድ ቁም ሳጥን ሲገጣጠም ታዩና ማሽን በብድር ትገዛላችሁ። ግን ማን ማንን ይወቅሳል? እኔም ዛሬ ረጅም ጣውላ የምሰነጥቀው በማሽን ነው፤ ወገቤ እንቢ ብሏል። ሜትሬም ከኪሴ አይጠፋም።

ለማንኛውም ልጄ፣ እቅድህ ከእንጨቱ ይጀምር። ወፈር ያለ ጣውላ፣ 2.5 ሳንቲም የሚሆነው፣ ጥላ ሥር አየር እያገኘ ለመድረቅ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ደረቅ ካገኘህ ግዛና ቤትህ ውስጥ ጥቂት ሳምንት አክርመው። ዘንግህን ላግ። ለመጋጠሚያው መጀመሪያ ቀዳዳውን በመሮ ቆፍር፤ ስፋቱ የእንጨቱን ውፍረት ሲሦ ያህል ይሁን፤ ባለህ መሮ ልክ። ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ምላስ ከዚያ በኋላ በመጋዝ አውጣው። ምላስ ትንሽ ቢወፍር ይላጋል። ቀዳዳ ሰፍቶ ከተገኘ ግን ምን ታደርገዋለህ? የክዳኑን ሞራሌ ኮላ አታስነካው። በብሎን እሰረው፤ የብሎኑን ቀዳዳ ሞላላ አድርገው፣ እንጨቱ መተንፈሻ ያግኝ። ስለ መሮ መሳል አልነግርህም፤ እሱን ካላወቅህ ገና ነህ።

ለአክስቴ ልጅ አዲስ ክዳን ልሠራላት ደረቅ ዋንዛ ካስቀመጥኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ባለፈው ፋሲካ ቤቷ ሄጄ ቡና ጠጥቼ፣ ተጫውቼ ተመለስኩ። የሳጥኑን ልክ ሳልይዝ።