ምድጃሽ ለምን እንደሚያጨስ፣ ፍሙን ደግሞ ለምን መኝታ ቤት እንደማታስገቢ

አብሽሪ እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ደሴ ሆጤ አካባቢ ‘ምርጥ’ የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ከነጭስ ማውጫው አስተክለሻል፣ ጭሱ ግን ተመልሶ ቤቱን ይሞላል፣ ማገዶም አልቆጠበልሽም። ማታ ብርዱ ሲጠና ደግሞ የተረፈውን ፍም መኝታ ቤት አስገብቼ ማደር እችላለሁ ወይ ብለሻል። ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ለነገ የሚባል አይደለም። አይቻልም። ፍሙን አታስገቢ።

ብዙ ሰው የማይጨስ ፍም ምንም አያደርግም ብሎ ያምናል። የሚገድለው ግን እሱ ነው። ጭስ ሲሆን ዓይንሽ ያነባል፣ ያስልሻል፣ ተነስተሽ በር ትከፍቻለሽ። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ነው፤ እንቅልፍ ላይ ካለሽ ግን አንዱንም ሳታውቂው ነው የሚወስድሽ። በደሴ ብርድ ደግሞ ማንም መስኮት ከፍቶ አይተኛም፣ የበሩን ስር እንኳ በጨርቅ እንወትፋለን፣ ስለዚህ መውጫ የለውም። አጠገቡ ውሃ በሳህን ቢቀመጥ ይስበዋል የሚሉ አሉ። ውሃ አይስበውም። አመድ አልብሶ መዳፈንም አያድንም፣ የተዳፈነ እሳት ይህንኑ መርዝ ቀስ እያለ ሲያወጣ ያድራል። ለብርዱ ከሆነ፣ ጋግረሽ ስትጨርሺ ምድጃው ገና ትኩስ ነው፤ ውሃ ጣጂበትና እጅ የማያቃጥል ሲሆን ወፍራም ጠርሙስ ሞልተሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ብርድ ልብስ ውስጥ አስገቢው። ከሰል ወይም ፍም ያለበት ቤት ሰው ራሴን አመመኝ፣ አዞረኝ ካለሽ ቶሎ ወደ ውጭ አውጪውና ሐኪም ቤት ውሰጂው። ይተኛና ይለፍለት አይባልም።

አሁን ወደ ጭሱ። ጭስ ማለት ሳይቃጠል ያመለጠ ማገዶ ነው። ቤትሽን ያጠቆረውና እንጨትሽን የጨረሰው አንድ ነገር ነው፣ ሁለት ችግር አድርገሽ አትዪው። ምርጥ ምድጃ በደንብ ከተያዘ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ላንቺ ካልቀነሰልሽ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ምድጃውን ሳይሆን እንጨቱን ነው።

ከገበያ የምንገዛው ባሕር ዛፍ አብዛኛው እርጥብ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ያን ውሃ አፍልቶ የሚያተነው ያንቺው እሳት ነው፣ ሙቀቱ ምጣዱ ጋ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል። መለየቱ ቀላል ነው። እሳት ውስጥ የገባውን ፍልጥ ወደ ውጭ የቀረውን ጫፍ እዪው። ፂ... እያለ አረፋ ካወጣ፣ በስንጥቁ ውሃ ካንጠባጠበ እርጥብ ነው። ስትገዢ ደግሞ ሁለት ፍልጥ አንስተሽ አጋጪ። የደረቀ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ እርጥቡ ድፍን ነው። የደረቀ ጫፉ ላይ ይሰነጣጠቃል፣ ልጡም በእጅ ይላቀቃል። ሻጩ ደርቋል ቢልሽ በዚህ አረጋግጪ።

ባሕር ዛፍን በእርጥቡ አስፈልጪው፣ ከደረቀ በኋላ መጥረቢያ አይበግረውም። ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ ድንጋይ ወይም ጣውላ ላይ፣ አየር እንዲያልፍ እያመሳቀልሽ ደርድሪው። ከላይ ቆርቆሮ ይልበስ፣ ጎንና ጎኑ ክፍት ይሁን። በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ እርጥበቱን ማፈን ነው። ስድስት ወር ቢያገኝ ጥሩ ነው፣ ስለዚህ የክረምቱን ማገዶ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ መግዛት ነው። ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው ሰው እዚያ አድርቆ ቢያስመጣ አይጎዳም፣ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚልና ስለሚሞቅ ቶሎ ይደርቃል። እኛ ጋ ጉሙ ብቻ የደረቀውን መልሶ ያረጥበዋል። ጋግረሽ ስትጨርሺ የነገውን ፍልጥ ከምድጃው አጠገብ፣ ግን ሳይነካው፣ አሳድሪው። ምድጃው ላይ ጭነሽ አትሂጂ፣ ሌሊት ሊቀጣጠል ይችላል።

ውፍረቱም ወሳኝ ነው። ለእንጀራ ሁለት ሦስት ጣት የሚያህል ፍልጥ ነው የሚፈለገው። ምጣድ እኩል የተሰራጨ ነበልባል ነው የሚፈልገው፤ ወፍራም ግንድ ሲገባ መሃሉ ያርራል፣ ዳር ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ደግሞ የምድጃውን አፍ አትጠቅጥቂው። እሳቱ የሚተነፍሰው በዚያው አፍ ነው። ከላይ ቢያንስ ሲሶው ክፍት ይሁን፣ በትንሽ በትንሹ እየገፋሽ ጨምሪ። ረጅም እንጨት ግማሹ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ከቀረ ሲያጥር ሚዛኑን ስቶ ከነእሳቱ ይወድቃል፣ ልጅ ባለበት ቤት ይሄ በጣም ያስፈራኛል። የነጠላሽን ጫፍም ወደ ኋላ ቋጥሪው።

እንጨቱ ደረቅ ሆኖም ከጨሰ የጭስ ማውጫ ቱቦውን እንይ። ከመለኮስሽ በፊት ጭራሮ አቀጣጥለሽ እፍ ብለሽ አጥፊው፣ የሚጨሰውን ጫፍ ምድጃው አፍ ጋ አስጠጊ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ቱቦው ይሠራል። ወደ ፊትሽ ከመጣ ቱቦው ቀዝቅዟል፣ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ አጭር ነው። ጠዋት ጠዋት አብዛኛውን ጊዜ ቅዝቃዜው ነው፤ ቱቦው ስር ወረቀት ወይም ደቃቅ ጭራሮ ለኩሰሽ መጀመሪያ እሱን አሙቂው፣ መስኮትም ትንሽ ክፈቺ። የቱቦው ጫፍ ከጣሪያው ጉልላት በታች ከሆነ ግን ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ ጭሱን መልሶ ወደ ታች ይገፋዋል። ከጉልላቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ቀጥ ብሎ ይውጣ፣ መታጠፊያ እየበዛበት ሲጠማዘዝ አይስብም። የምድጃው ክፍሎች መገጣጠሚያና የምጣዱ ዙሪያም በጭቃ ይመረግ፣ በስንጥቁ ብዙ ያመልጣል።

ቱቦው በኮርኒስ የሚያልፍበትን በተለይ እዪ። ብዙዎቻችን ጋ ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ነው፣ ግድግዳው ደግሞ እንጨት። ነጠላ ቆርቆሮ ቱቦ ከሚቃጠል ነገር 45 ሳንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ካልራቀ ዛሬውኑ ባለሙያ ጥሪ።

ጥላሸቱም ይጠረግ። እርጥብ እንጨት ውስጡ ላይ ሬንጅ የሚመስል ጥቁር ነገር ይለጥፋል፣ እሱ ራሱ ይቀጣጠላል። እኔ በክረምት በየወሩ አስጠርጋለሁ። ድንጋይ በጆንያ ጠቅልሎ በገመድ ከላይ ማውረድ ይበቃል፣ ምድጃው ፍጹም ሲቀዘቅዝ። ቱቦው ውስጥ እሳት ከተነሳ የማጓራት ድምፅ ይሰማል፤ ውሃ አትድፊበት፣ የምድጃውን አፍ በቆርቆሮ ዝጊው፣ ሰዉን አስወጪና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጥሪ።

ለማቀጣጠል ነጭ ጋዝ አትጠቀሚ፣ ፍም ባለበት ላይ ደግሞ በፍጹም። ፌስታልና ቀለም የተቀባ እንጨትም አይነደድም፣ ጭሱ መርዝ ነው፣ እንጀራው የሚጋገረው እሱ ላይ ነው። አመዱን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ሰብስቢና ከቤት ውጭ አስቀምጪው፣ በጆንያ አይሆንም፤ በማግስቱም ውስጡ ፍም ሊኖር ይችላል።

የቱቦሽን ቁመትና ከጣሪያው ስንት እንደሚወጣ ለክተሽ ጻፊልኝ፣ ከተቻለ ፎቶ ጨምሪበት። የጭራሮውንም ሙከራ ነገ ጠዋት ሞክሪና ጭሱ ወዴት እንደሄደ ንገሪኝ።