ያገለገለ ቤዝ አምፕ ግማሽ ሰዓት ሳትጫወትበት ገንዘብ እንዳትከፍል

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ቤዝ ጊታሩን ገዝተህ ለአምፕ (ለድምፅ ማጉያው) የተረፈህ ትንሽ ነው፣ ከድራመር ጋር ልምምድ ልትጀምር ነው፣ አንድ ሰው ደግሞ ያገለገለ ባለ 300 ዋት በቅናሽ ልስጥህ ብሎሃል፤ «ልውሰደው ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ያልከው። እኔም ልክ እዚህ ቦታ ላይ ነበርኩ። እኔ ላይ የደረሰው አንተ ላይ እንዳይደርስ የማውቀውን ልጻፍልህ።

1. በዋቱ ብዙ አትደለል። ከ100 ወደ 200 ዋት ብትወጣ የሚጨመርልህ 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ብቻ ነው፤ ጆሮህ «ትንሽ ከፍ አለ» ቢል ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማህ አሥር እጥፍ ግድም ዋት ያስፈልጋል። ሻጭ ግን አፉን ሲከፍት ዋት ነው የሚያወራው። ጎንበስ ብለህ የጀርባውን ጽሑፍ አንብብ። «300 ዋት በ4 ኦም» የሚል ሆኖ (ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) የምትሰካው ካቢኔት፣ ማለትም የስፒከር ሳጥን፣ 8 ኦም ከሆነ 300ውን እርሳው፣ ከግማሽ ብዙም አያልፍም። ሁለት ባለ 8 ኦም ካቢኔት ጎን ለጎን ስታገናኝ 4 ይሆናል፣ ያኔ ሙሉውን ታገኛለህ። ሦስተኛ ከጨመርክ ግን አምፑ ከሚችለው ኦም በታች ትወርዳለህ፣ ሊቃጠልብህ ይችላል። ለአንተ እኔ የምመክርህ 200 ዋት ግድም፣ ባለ 15 ኢንች ወይም ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያለው ኮምቦ (አምፑና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን የሆኑበት) ነው። የጊታር አምፕ «ለጊዜው ይሁንህ» የሚልህን አትስማ። የቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)፣ የጊታሩ 82። ባለ አምስት ክር ቤዝ ደግሞ እስከ 31 ይወርዳል። ለዚያ ያልተሠራ ስፒከር ድምፁን ከፍ ስታደርገው አይቆይልህም።

2. አምፑ ሲሞቅ የሚያደርገውን ሳታይ አትክፈል። የኔ ጉድ እዚህ ላይ ነው።

የገዛሁበት ሱቅ ሰውዬው ስልኩን ሰክቶ ሙዚቃ አጫወተልኝ። ጥርት ያለ ድምፅ። በራሴ ቤዝ ልሞክረው ስለው «ሌላ ደንበኛ እየጠበቀ ነው፣ ቶሎ በል» እያለ ቆመብኝ። ወሰድኩት። ልምምድ ላይ መጀመሪያ አንጀት የሚያርስ ድምፅ ነበረው፤ ከዚያ በዘፈኑ መሀል ጸጥ። መብራቱ በርቷል፣ ድምፅ የለም። ጥቂት ስናርፍ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይነሳል። ተሸክሜ ወደ ሱቁ መለስኩት። ሰውዬው ሰካው፣ ሁለት ደቂቃ አዳመጠ፣ «ምንም የለበትም፣ ችግሩ ያንተ ሶኬት ነው» አለኝ። ቀዝቅዞ መጥቶ በሁለት ደቂቃ ምን ሊያሳይ? ይህን ሳስረዳው «አንተ ነህ ወይስ እኔ የዚህ ዕቃ ባለሙያ?» ብሎ በሰው ፊት አመናጨቀኝ። ያገለገለ ዕቃ አይመለስም የሚል ወረቀትም ግድግዳው ላይ ነበረው። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ግን አልተውኩትም። ቤዜን ይዤ ተመልሼ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ መጫወት ጀመርኩ። ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል፣ እኔ እጫወታለሁ። በመጨረሻ አምፑ እዚያው ፊቱ ላይ ጸጥ አለ። አሁንም ገንዘቤን አልመለሰም፣ ለጥገናው ግን ከፈለ። ጠጋኙ የኋላ ሽፋኑን ሲፈታው ማራገቢያው በአቧራ ተለብጧል፣ ገመዱ ተቆርጦ ጫፉ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። አንድ ሰው ማራገቢያው ስለጮኸበት ቆርጦ ዝም አሰኝቶታል ማለት ነው! አምፑ በጣም ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ነበር የሚያጠፋው። አዲስ ማራገቢያ ገባለት፣ ይኸው እስከ ዛሬ በሱ ነው የምጫወተው፣ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ስለዚህ የራስህን ቤዝ፣ የራስህን ገመድ ይዘህ ሂድ። ግማሽ ሰዓት ልምምድ ላይ በምትጫወትበት ድምፅ ተጫወት። እጅህን ከኋላ አድርግ፣ አየር ይወጣል? ማራገቢያ የሌለው ከሆነ ደግሞ ብረቱ ሲግል ድምፁ ይለወጥ እንደሆነ አዳምጥ። ሻጩ ጊዜ የለኝም ካለህ ጥለህ ውጣ፣ ሌላ ታገኛለህ።

ስፒከሩን ደግሞ በስልክ ሙዚቃ አትፈትን። ወፍራሙን ክር ሳትይዝ ምታውና እስኪያልቅ ዝም ብለህ ስማ፤ ከሥሩ የሚንዘረዘር ወይም የሚፋቅ ነገር ካለ ያኔ ይወጣል። አምፑን አጥፍተህ ፊቱ ያለው መረብ ከተነሳ የስፒከሩን ወረቀት በሁለት እጅህ ጣቶች መሀሉን ከበህ እኩል አድርገህ በቀስታ ግፋው። በዝምታ ገብቶ በዝምታ መመለስ አለበት። የመፋቅ ድምፅ ካለ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል እየተፋቀ ነው፣ ተወው። ዳርና ዳሩ ላይ ሙጫ የተቀባባ ካየህም ጠይቅ። ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ አዙር። ትንሽ መንኮሻኮሽ ቆሻሻ ነው፣ በሚረጭ ማጽጃ ይስተካከላል፣ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀምበት። ምንም ሳይሰካበት እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ካለው ግን ብዙ ጊዜ ያረጁ ካፓሲተሮች (ውስጡ ያሉ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ናቸው፣ ጠጋኝ ይፈልጋል።

ቱቦ ያለውን (ድምፁን በመስታወት ቱቦዎች የሚያጎላውን የድሮ ዓይነት) አሁን አትመኝ። የአምፔግ ኤስቪቲ ድምፅ ደስ ይላል፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ወጥቶ እስካሁን የሚወደድ ነው፤ ግን ሄዱ (ያለ ስፒከር አምፑ ለብቻው) 40 ኪሎ ይጠጋል፣ ስድስት የኃይል ቱቦዎቹን መቀየር ደግሞ ላንተ በጀት አይሆንም። ክላስ ዲ የሚባሉት አዲሶቹ ቀላል አምፖች በአንድ እጅ ይነሳሉ፣ ነገር ግን ሲበላሹ ብዙ ጠጋኞች ሙሉ ቦርዱን ነው የሚቀይሩት። እንደ ፒቪ ቲኤንቲ ያሉት አሮጌ ባለ 15 ኢንች ኮምቦዎች ከባድ ናቸው፣ ወገብ ይቆርጣሉ፣ ግን ማንም ደህና ጠጋኝ ይከፍታቸዋል። እኔ ብሆን እነሱን ነው የምፈልገው።

የሶኬቱን ጫፍም እይ፤ የመሬት እግሩ ተቆርጦ ከሆነ ሳይስተካከል እንዳትነካው፣ ሕይወት ነው። ቮልቴጁም 120 ነው 230 የሚለው ከቤትህ ጋር ይመሳከር።

ያገኘኸውን የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ኦሙንና ቮልቴጁን አይቼ የማስበውን በግልጽ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ቀብድ እንዳትሰጥ።