41 እግር ቡና፦ ለወጣት የሕግ ባለሙያዎች

ባለፈው ወር እዚሁ ጅማ ለአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ስለ አስተዳደር ሕግ ጥቂት እንድናገር ተጠርቼ ነበር። ንግግሬን ጨርሼ ውኃ ልጠጣ ብርጭቆ ሳነሣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የደከሙት ሕግ ለማሻሻል ነው ወይስ ሰው ለመርዳት?» ስትል ጠየቀችኝ። «ሁለቱ አንድ ናቸው» ብዬ መለስኩላት፤ ተጨበጨበልኝም። ወደ ቤቴ ስመለስ የአዌቱን ድልድይ እየተሻገርኩ መልሴን ደጋግሜ አሰብኩት፤ ባሰብኩት ቁጥርም እያፈርኩ ሄድኩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያች ልጅ የዋሸሁትን ለማረም ነው።

አንብቡ፣ ትጉ፣ ጉቦ አትቀበሉ የሚለውን ምክር ከእኔ አትጠብቁ፤ ያንን የሚነግራችሁ አይጠፋም። የምነግራችሁ ስለ አንዲት እናት ነው።

በ2001 ዓ.ም. ገደማ እያስተማርኩ በትርፍ ሰዓቴ ጥብቅና እቆም ነበር። ቢሮዬ በጅማ መርካቶ አጠገብ ካለ ቡና መጋዘን በላይ የነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ በመኸር ወራት የጀንፈሉ ሽታ እስከ መዝገቦቼ ድረስ ይገባ ነበር። በጥቅምት ወር አንድ ቀን ጠዋት ከጅማ ወጣ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ እንጀራ ጋግረው የሚተዳደሩ ባልቴት መጡ። እትዬ እላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ልጄ ይሉኝ ነበር። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሁለት ወረቀት ሰጡኝ። አንደኛው፣ ይዞታቸው ለልማት ስለሚፈለግ እንዲለቁ የሚያዝዝ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ ማኅተሙ እጅግ ከመጠንከሩ የተነሣ ቀለሙ በወረቀቱ ጀርባ አልፎ ይታያል። ሁለተኛው የካሣ ገማቾቹ የንብረት ቆጠራ ሲሆን፣ ባለ ሦስት ክፍል ጭቃ ቤት፣ አንድ አቮካዶ፣ ጥቂት እንሰት፣ ቡና 14 እግር ይላል። ከታች የእርሳቸው የአውራ ጣት አሻራ አለ።

«ቡናዬ 41 ነው፤ እኔው ነኝ የተከልኩት» አሉኝ። ሄጄ ቆጠርኩት፤ እርግጥም 41 ነበር። ቆጣሪው 4ን እና 1ን አዘዋውሮ ጽፎ ኖሯል። ቋሚ ተክል በየእግሩ ተቆጥሮ የሚካስ ስለሆነ ለእርሳቸው ይህ ስሕተት ቀላል አልነበረም።

እኔ ግን ዓይኔን የሳበው ደብዳቤው ነበር። ምን ዓይነት ልማት እንደሆነ አይገልጽም፤ ማን እንደወሰነ፣ እርሳቸው መቼ ተሰምተው እንደነበር አይናገርም። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የመሬት ማስለቀቂያና ካሣ አዋጅ ቁጥር 455/1997 በካሣው መጠን ላይ እንጂ በማስለቀቂያ ትእዛዙ ላይ ለመከራከር በር አልከፈተም። በካሣው ላይም ቢሆን የካሣ ቅሬታ በሚሰማው የአስተዳደር አካል፣ በአቤቱታ ሰሚው፣ ውሳኔ ያልተደሰተ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ሲል፣ ቦታውን ማስረከቡን የሚያረጋግጥ ሰነድ ካላያያዘ ይግባኙ ተቀባይነት የለውም። መጀመሪያ ቤትህን ልቀቅ፣ ከዚያ ስለ ዋጋው ተከራከር ማለት ነው። በክፍል ውስጥ ይህን አንቀጽ ሳስተምር ድምፄ ከፍ ይል ነበር። እነሆ አንቀጹ በሰው ተመስሎ ቢሮዬ ድረስ መጣልኝ፤ እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ።

ለአቤቱታ ሰሚው ባቀረብኩት ጽሑፍ ሦስቱን ገጽ ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 እና 40 (ፍትሕ ስለ ማግኘትና ስለ ንብረት መብት)፣ ጥቂት መስመር ብቻ ስለ ቡናው ጻፍኩ። አካሉም ቆጠራውን ባለይዞታዋ በአሻራቸው አረጋግጠዋል ሲል ውድቅ አደረገው። ያን ጊዜ የሚበጀው ቤቱን አስረክበው፣ ሰነዱን አያይዘው፣ ጎረቤት አስመስክረው በ27 እግር ቡና ላይ ይግባኝ እንዲሉ ማድረግ ነበር። እትዬም ያንኑ ይሉ ነበር፤ በመጡ ቁጥር «ቡናውስ፣ ልጄ?» ይላሉ። «ጉዳዩ ከቡና በላይ ነው፤ ቁልፉን እንዳያስረክቡ» እላቸዋለሁ። አምነውኝ ቁልፉን በአንገታቸው አንጠልጥለው ሄዱ።

እኔም ትእዛዙ ራሱ እንዲሻር የሚጠይቅ ክስ በመደበኛው ፍርድ ቤት መሠረትኩ። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ በመሆኑ አቤቱታውን በአፋን ኦሮሞ አዘጋጀሁት፤ በጉዳዩ ላይ የጀመርኩትን የምርምር ጽሑፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ ማታ ማታ እጽፍ ነበር። እትዬ ሁለቱንም አላነበቡም። ተከሳሹ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም የሚል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቀረበ። ክርክሩ በአንቀጽ 37 ውስጥ ባለችው «በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ» በምትለው ሐረግ ላይ አረፈ፤ ዳኛው በጥሞና ሰምተው፣ ይህ በፍርድ ሊወሰን የሚገባው ጉዳይ አይደለም ሲሉ መዝገቡን ዘጉት። ከችሎት ወጥቼ በረንዳው ላይ ቀን ስቆጥር፣ ከአቤቱታ ሰሚው ውሳኔ ወዲህ 52 ቀን አልፎ ነበር።

ቤቱ በጥር ፈረሰ። ካሣውም በ14 እግር ቡና ተከፈለ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ተማሪ ሳለሁ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው አቤቱታ የሚጽፉ ሽማግሌ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ባለጉዳይ ሲመጣባቸው ስሙንም ሆነ የበደሉን ዓይነት ከመጠየቃቸው በፊት፣ «ወረቀቱ የደረሰህ መቼ ነው?» ይሉና ቀኑን በካርቦኑ ጠርዝ ላይ ያሰፍሩታል። እኛ ተማሪዎች በእርሳቸው አማርኛ፣ «ለክቡርነትዎ እግር ወድቄ» በሚለው አጻጻፋቸው እንስቅ ነበር፤ አሁንም እንደ እርሳቸው ጻፉ አልላችሁም። ነገር ግን ያች እናት በእኔ ፈንታ ወደ እርሳቸው ሄደው ቢሆን ኖሮ የቡናቸውን ዋጋ ባገኙ ነበር።

የዛሬ ልጆች ቀን አቆጣጠሩን ስልካችሁ ስለሚያስታውሳችሁ ይህ አይደርስብኝም ትሉ ይሆናል። ይሁንና እንደማየው ብዙዎቻችሁ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (መዝገብ ቤቱ) በየት በኩል እንደሆነ ሳታውቁ አበል የሚከፈልበትን ዐውደ ጥናት ታውቃላችሁ፤ በቴሌግራም የመጣን አቤቱታ የባለጉዳዩን ስም ብቻ ለውጣችሁ ታቀርባላችሁ። ተቆጣሁ መሰለኝ። እኔም በእናንተ ዕድሜ ከባለጉዳይ ይልቅ አንቀጽ የምወድ ሰው ስለነበርኩ፣ ቁጣዬ ከፊሉ ለራሴ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የሕግና የፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤ ተቋቁሞ የሕግ ማሻሻያው ሥራ ሲጀመር፣ ለብዙ ዓመታት በረቂቅነት የቆየው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግም ተነቃቃ። በረቂቁ ላይ በተደረገ አንድ ውይይት አዲስ አበባ ተገኝቼ ነበር። የአስተዳደር ተቋም ከመወሰኑ በፊት ባለጉዳዩን ይስማ፤ የወሰነበትን ምክንያት በጽሑፍ ይስጥ፤ መመሪያውን ለሕዝብ አስተያየት ያቅርብ፤ ያስመዝግብ፤ በፍርድ ቤትም ይከለስ የሚሉትን ድንጋጌዎች አንድ በአንድ ስንወያይ ዓይኔ እንባ ያቀር ነበር። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ሆኖ ወጣ። ከዚያም በፊት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የ1997ቱን አዋጅ ተክቶ፣ በማስለቀቂያ ትእዛዙ በራሱ ላይ አቤቱታ እንዲቀርብ ፈቅዷል። ስለዚህ በ2001 ዓ.ም. ያነሣሁት ክርክር ትክክል ነበር፤ ይህን ስል ኩራቴን አልደብቅም። ማንም ያንን በር ሳያንኳኳ ቢቀር በሩ አይከፈትም ነበር፤ እናንተም መሸነፋችሁን እያወቃችሁም ቢሆን አንኳኩ እላለሁ። ግን ደግሞ 1183 የሚገዛው የፌዴራል ተቋማትንና የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደር ስለሆነ፣ በእትዬ ከተማ ለተጻፈ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ አይደርስም። ውይይቱ ላይ የቆጠራውን ወረቀት ቅጂ በቦርሳዬ ይዤ ሄጄ ነበር፤ የክልል ጉዳይ ነው እንዳይሉኝ ሰጋሁና ሳላወጣው ተመለስኩ።

ሕግ ማሻሻልንና ሰው መርዳትን እንዴት እንደምታስማሙ ብትጠይቁኝ የተሟላ መልስ የለኝም። እኔ አሁን የማደርገው ይህ ነው፦ ባለጉዳይ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚፈልገውን በራሱ ቃል ወረቀቱ ራስጌ ላይ እጽፋለሁ፤ አንቀጽ የምጠቅሰው ከዚያ በታች ነው። የሕግ ክፍተት ያለበት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ፣ «ይህን ክርክር ባነሣ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ ለእርስዎ ግን ሊጎዳ ይችላል» ብዬ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ትቶኝ ይሄዳል። አንዳንዱ፣ በተለይም የተናደደው፣ ግፋበት ይለኛል።

ቤታቸው ከፈረሰ ከስድስት ዓመት በኋላ እትዬን ሄርማታ ገበያ አገኘኋቸው። ጅማ ልጃቸው ዘንድ ገብተው ኖሯል፤ ፊታቸው ከስቷል፤ ከፊታቸው ጥቂት ጥቅል ኮባ ዘርግተው ይሸጣሉ። ልሸሽ ፈልጌ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቀድመው ጠሩኝ፤ ጉንጬን ሳሙኝ፤ ስለ ልጆቼ ጤንነት ጠየቁኝ። ከዚያም፣ «ያ ስለ እኔ ነገር ማታ ማታ የምትጽፈው አለቀልህ?» አሉ። ታትሞ እንደወጣ ነገርኳቸው።

«ቡናውንስ ጻፍከው?»

በጽሑፉ ውስጥ «አንዲት ባለይዞታ» ተብለው አንድ ቦታ በግርጌ ማስታወሻ ተጠቅሰዋል። ቡና የሚል ቃል ግን የለም። አዎ አልኳቸው።