ታውንሺፑ ለአረጋውያንና ለላጤዎች ብቻ ቤት መፍቀድ ይችላል?

ጥያቄ፦ በኒው ጀርሲ ግዛት በፍጥነት እያደገች ባለች አንዲት የከተማ ዳርቻ ታውንሺፕ (የራሷ ምክር ቤት ያላት የአካባቢ አስተዳደር) ውስጥ በኪራይ እንኖራለን። ባለቤቴና እኔ የምንሠራው እዚያው አካባቢ ባለ መጋዘን ሲሆን ሦስት ልጆች አሉን። ታውንሺፑ ተመጣጣኝ ዋጋ ላላቸው ቤቶች ያወጣውን ዕቅድ ሊያሻሽል መሆኑን ሰምተን ስብሰባው ላይ ተገኝተን ነበር። ከነዋሪዎቹና ከምክር ቤቱ አባላት አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች እንዳይጨናነቁና የንብረት ግብር እንዳይጨምር ለአረጋውያን የሚሆኑ ቤቶችና ባለ አንድ መኝታ አፓርታማዎች ብቻ ይፈቀዱ ሲሉ ተናገሩ። ይህ በሕግ ይቻላል? ተከራይ ሆኜ የምለው ነገርስ ሰሚ ያገኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ «አይቻልም» ነው፤ ለሁለተኛው ደግሞ «አዎን፣ ነገር ግን ጊዜው ሳያልፍ» የሚል ነው። ከዝርዝሩ በፊት ግን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግልዎ። ሕጉ ታውንሺፑን ለእርስዎ ቤት ሠርቶ እንዲያስረክብ አያስገድደውም። የሚያስገድደው የመሬት አጠቃቀም ደንቡን፣ ማለትም ዞኒንጉን፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የተለያየ ዓይነት ቤት በእርግጥ ሊሠራ በሚችልበት መንገድ እንዲያወጣ ነው።

ይህ ግዴታ የመነጨው የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 በማውንት ሎረል ታውንሺፕ ላይ ከሰጠው ውሳኔ ነው። የክርክሩ ታሪክ ከእርስዎ ጉዳይ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ያ ታውንሺፕ ለአፓርታማ ግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የመኝታ ክፍሎችን ቁጥር ይገድብ ነበር፤ ከዚያም አልፎ በአንድ ቤት በአማካይ ከ0.3 በላይ ተማሪ ከተገኘ የትርፎቹን ልጆች የትምህርት ወጪ ገንቢው እንዲሸፍን ውል ያስገባ ነበር። ፍርድ ቤቱ ታውንሺፖች ዞኒንግ የሚያወጡት በመጀመሪያ ለሰዎች ኑሮ ደኅንነት እንጂ የአካባቢውን ግብር ዝቅ ለማድረግ እንዳልሆነ በማያሻማ ቋንቋ አስረዳ። ስለዚህ በስብሰባው ላይ የሰሙት የግብርና የትምህርት ቤት መከራከሪያ፣ የተናጋሪዎቹ ስጋት እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ለማስቀረት በቂ ምክንያት ተደርጎ ሊቀርብ አይችልም።

ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ግዴታውን ይበልጥ አጠናከረው፤ በ1985 የወጣው የግዛቱ ሕግም አፈጻጸሙን ደነገገ። ይህ ሕግ በ2024 ተሻሽሎ እስከ 2035 ለሚዘልቀው የግዴታው አራተኛ ዙር የሚያገለግል ሲሆን፣ ለእርስዎ የሚጠቅሙ ግልጽ ቁጥሮች አሉት። ታውንሺፑ ከሚያሟላቸው ቤቶች፣ በተጨማሪነት የሚታሰቡለት የማበረታቻ ነጥቦች ሳይቆጠሩ፣ ቢያንስ 50 በመቶው ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የሚሆን መሆን አለበት፤ በዕድሜ ተገድቦ ለአረጋውያን የሚለየው ደግሞ ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም። የአረጋውያን ቤት በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም፣ እንዲያውም የሚያስፈልግ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሌላውን ሁሉ ሲተካ ነው። የመኝታ ክፍልን በተመለከተም፣ ለአረጋውያን ባልተለየ ፕሮጀክት ውስጥ ካሉት ተመጣጣኝ ዋጋ ያላቸው ቤቶች ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ የሆኑት ከ20 በመቶ እንዳይበልጡ፣ ባለ ሦስት መኝታዎቹም ከ20 በመቶ እንዳያንሱ የግዛቱ ደንብ ያዝዛል።

ቁጥሮቹ በወረቀት ላይ መሟላታቸው ግን ብቻውን እንዳያረካዎ አደራ እላለሁ። በእኔ አስተያየት ዕቅድን መመርመር የሚገባው ከቦታዎቹ ተነሥቶ ነው። የግዛቱ ደንብ ለዚህ ቤት የሚመደብ መሬት አራት ነገሮችን እንዲያሟላ ይጠይቃል፦ ባለቤትነቱ ከክርክርና ከዕዳ የነጻ መሆኑን፣ የውኃና የፍሳሽ መስመር የሚደርሰው መሆኑን፣ በሌሎች ሕጎች መሠረት የግንባታ ፈቃድ ሊያገኝ የሚችል መሆኑን፣ እንዲሁም መንገድ ያለውና ከአጎራባች አገልግሎቶች ጋር የሚስማማ መሆኑን። አንድ ታውንሺፕ ረግረጋማ መሬትን ወይም ባለቤቱ ሊሸጠው የማይፈልገውን ሥራ ላይ ያለ የገበያ ማዕከል በዕቅዱ አስፍሮ «ግዴታዬን ተወጥቻለሁ» ቢል፣ ቤቱ በአሥር ዓመትም ላይሠራ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጉድለት ቀድሞ የማየት ዕድል ያለው የአካባቢው ነዋሪ ነው፤ የትኛው ሜዳ በዝናብ ጊዜ ውኃ እንደሚተኛበት ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለምና።

ስለዚህ የዕቅዱን ሰነድ ከታውንሺፑ ጸሐፊ ጠይቀው ይውሰዱ። የቤቶቹ ዕቅድ የማስተር ፕላኑ፣ ማለትም የታውንሺፑ አጠቃላይ የልማት ዕቅድ፣ አካል በመሆኑ ፕላኒንግ ቦርዱ ከማጽደቁ በፊት ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ መጥራት ይኖርበታል። በዚያ ስብሰባ ይናገሩ፤ ከሁሉም በላይ ግን አስተያየትዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ነገሩ ወደ ክርክር ካመራ ዳኛው የሚያየው መዝገቡን ነውና። ቤት አለመግዛትዎ አያሳስብዎ፤ በማውንት ሎረል ክርክር ከሳሾቹ መካከል በታውንሺፑ በመጥፎ ቤት የሚኖሩ ችግረኞች፣ እንዲሁም ከውጭ ሆነው መግባት የተሳናቸው ሰዎች ነበሩበት። የዞኒንግ ደንቡ ከጸደቀ በኋላ በፍርድ ቤት ለመቃወም በመደበኛው ሥርዓት ያለው ጊዜ 45 ቀን ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሊያራዝመው ቢችልም በዚያ ላይ መተማመን አይገባም።

ከዚህ ጎን ለጎን የፌዴራሉ የፍትሐዊ ቤቶች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1988 ከተሻሻለ ወዲህ ልጆች ስላሏቸው ብቻ ሰዎችን በቤት ጉዳይ ማግለልን ይከለክላል፤ ለአረጋውያን ቤቶች የተደረገው ልዩ ሁኔታ እንደተጠበቀ ሆኖ። ስለዚህ በስብሰባው ላይ ልጆችን በተመለከተ የተነገረውን ቀንና ተናጋሪ ጠቅሰው ማስታወሻ ይያዙ፤ የስብሰባው ቅጂ ካለም ይጠይቁ።

በመጨረሻም ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። ተመጣጣኝ ዋጋ ያላቸው ቤቶች ለታውንሺፑ ነባር ነዋሪዎች ብቻ የሚሰጡ ሳይሆኑ በመላው የቤቶች ክልል፣ ማለትም ግዛቱ ለቤት ጉዳይ በአንድነት በመደባቸው አጎራባች ካውንቲዎች፣ መታወጅ ያለባቸው በመሆናቸው፣ በአጎራባች ታውንሺፖችም ተመዝግበው ዕጣ ውስጥ መግባት ይችላሉ። የቤተሰብዎን ገቢ የሚያሳዩ ሰነዶች አስቀድመው ያዘጋጁ። የ45 ቀኑ ጊዜ መቆጠር ከጀመረ ደግሞ ደንቡንና የጸደቀበትን ቀን ይዘው በኒው ጀርሲ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ዘንድ ሳይዘገዩ ይቅረቡ።